ከሳቮይ እስከ ጦር ኃይሎች፦ ስለ ስዊንግ ዳንስ ጥቂት ወግ

(በዘንድሮው የምሩቃን መሰባሰቢያ ምሽት፣ ጦር ኃይሎች አካባቢ በተደረገው ዝግጅት ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጅ ኮሚቴው ሲደውልልኝ የሰጠኝ ርዕስ «ከአርባ ዓመት በኋላ ጤናን መጠበቅ» የሚል ነበር። እሺ ብዬ ዘጋሁ። ማታ ላይ ሳስበው ግን፣ እዚህ አዳራሽ ውስጥ ከምንሰበሰበው ሰዎች ግማሹ ስለ ደም ግፊት የሚያስተምር ነው፣ ግማሹ ደግሞ የደም ግፊት ኪኒኑን ቤቱ ረስቶ የሚመጣ ነው። ለማን ነው የምናገረው? በማግሥቱ ደውዬ ርዕሱን ቀይሩልኝ አልኳቸው። «ስለ ምን ልትናገሪ ነው?» አሉኝ። «ስለ ዳንስ።» ስልኩ ላይ ትንሽ ዝምታ ነበር። «ስለ እስክስታ ነው?» «አይደለም፣ ስለ ስዊንግ።» ዝምታው ረዘመ።

የኛ ባች የምረቃ ምሽት ትዝ ይላችኋል? ወንዶቹ በአንድ ግድግዳ፣ ሴቶቹ በሌላው። ጉራጌኛ ሲመጣ ሁሉም ተነሣ፣ እስክስታ ሲመጣ ሁሉም ተነሣ። ለሁለት ሆኖ የሚደነስ ነገር ሲመጣ ወለሉ ባዶ ቀረ፤ ሁላችንም ለስላሳ ፍለጋ ሄድን። ስድስት ዓመት ሙሉ አንድ አስከሬን ለስምንት ተካፍለን የተማርን ሰዎች የጓደኛችንን እጅ ለመያዝ አፈርን። ያኔ የባሕል ጉዳይ መስሎኝ ነበር። አሁን እንደዚያ አላስብም፤ ለምን እንደሆነ ቆይቼ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ግን ስለ ዳንሱ ራሱ። ስዊንግ የሚለውን ቃል በአማርኛ መልሱት ብትባሉ መወዛወዝ ነው የምትሉት፤ ከውዝዋዜያችን ጋር አንድ ሥር ያለው ቃል። የተወለደው ኒው ዮርክ፣ ሃርለም በሚባለው የጥቁሮች ሰፈር ነው። እዚያ እ.ኤ.አ. በማርች 1926 ሳቮይ የሚባል የዳንስ አዳራሽ ሌኖክስ በተባለው ጎዳና ላይ ተከፈተ። አዳራሹ ከአንዱ መስቀለኛ መንገድ እስከ ሌላው የሚዘልቅ ነበር፤ ሁለት መድረክ ስለነበረው አንዱ ኦርኬስትራ ሲያርፍ ሌላው ይቀጥላል፣ ሙዚቃ አይቋረጥም። በዚያው ሰፈር ኮተን ክለብ የሚባለው ዝነኛ ቤት ጥቁሮችን በመድረክ ላይ እያሳየ ደንበኞቹ ግን ነጮች ብቻ እንዲሆኑ ያደርግ ነበር። ሳቮይ ግን በሩን ለሁሉም ከፈተ። እዚያ የገባ ሰው የሚጠየቀው አንድ ነገር ነበር፤ መደነስ ትችላለህ ወይ?

ከዚያ ወለል ላይ ነው ሊንዲ ሆፕ የወጣው። ስሙ ቻርልስ ሊንድበርግ እ.ኤ.አ. በ1927 አትላንቲክን ብቻውን በአውሮፕላን ካቋረጠበት በረራ ጋር ተያይዞ ነው የሚነገረው። ዳንሱ ግን ከሰማይ አልወረደም። ከእሱ በፊት ቻርልስተን ነበር፣ ከአሜሪካ ደቡባዊ ግዛቶች ከጥቁሮች መንደር የመጣ፣ ጉልበትን ወደ ውስጥና ወደ ውጭ እየሰበሩ የሚረግጡት። የሃርለም ልጆች የቻርልስተኑን እግር ወሰዱ፣ ከአውሮፓውያኑ የጥንድ ዳንስ እጅ ለእጅ መያያዙን ወሰዱ፣ ከዚያ መሀል ላይ ለቀቁት። የሊንዲ ሆፕ ትልቁ ነገር ይህ መልቀቅ ነው። ሁለቱ ተያይዘው ይጀምራሉ፣ ይፈታታሉ፣ እያንዳንዱ የራሱን ይጨምራል፣ ተመልሰው ይገናኛሉ። በቁጥር ስምንት ነው፦ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት-እና-አራት፣ አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት-እና-ስምንት።

ፍራንኪ ማኒንግ የሚባል ልጅ እ.ኤ.አ. በ1935 እዚያው ሳቮይ ውድድር ላይ ጓደኛውን በጀርባው ላይ አሽከርክሮ አሳለፋት፤ ዛሬ በፊልም የምታዩት በአየር ላይ የመገለባበጡ ነገር ከዚያ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. በ1941 በወጣው ሄልዛፖፒን በሚባለው ፊልም ላይ እሱና ጓደኞቹ የሚደንሱትን እዩት። ፊልሙ ላይ የቤት ሠራተኛና የወጥ ቤት ልብስ ለብሰው ነው የሚደንሱት። በዚያን ዘመን ጥቁር ሰው በሌላ ልብስ ስክሪን ላይ እንዲወጣ ብዙም አይፈቀድለትም ነበር። ከነርሱ አንዷ ኖርማ ሚለር ናት፤ ሲቀረጽ ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበረች፣ እስከ እ.ኤ.አ. 2019 ኖራ ዘጠና ዘጠኝ ዓመቷ ላይ ነው ያረፈችው። የዳንስን የጤና ጥቅም ለሚጠይቀኝ ታካሚ አንዳንዴ ይህችን ሴት እጠቅሳለሁ። ሳይንስ አይደለም፣ አውቃለሁ፤ ግን ይሰማሉ።

ሌሎቹን ዓይነቶች በአጭሩ ልለፍ። ባልቦአ ከካሊፎርኒያ ነው፤ አዳራሹ በሰው ሲጨናነቅ ቦታ አጥተው ደረት ለደረት ተጠግተው እግርን ብቻ የሚያፈጥኑት። ሻግ የሚባለው የኮሌጅ ተማሪዎች ዝላይ ነው፣ ለጉልበት አይመከርም። ዌስት ኮስት ስዊንግ ዘግየት ያለ፣ በቀጭን መስመር ላይ የሚሄድ ነው። በዳንስ ትምህርት ቤቶች የሚሰጠው ደግሞ ወደ ስድስት ቁጥር ያጠረ ነው። ይህ የመጨረሻው ለኔ ከነርስ የተቀዳ የሐኪም ማስታወሻ ይመስለኛል፤ ትክክል ነው፣ ግን ታካሚው የለበትም።

አሁን አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ፣ ለሐኪም ይሆናል። የሳቮይ ዋናው ኦርኬስትራ መሪ ቺክ ዌብ የሚባል ከበሮ መቺ ነበር። በልጅነቱ የአከርካሪ ቲቢ ይዞት ጀርባው ጎብጦ፣ ቁመቱ አጥሮ የቀረ ሰው። እናንተ ስሙን ታውቁታላችሁ፤ በየዋርዱ አይተነዋል፣ ከገጠር በቃሬዛ የሚመጣው ልጅ፣ ወጌሻ ያሸው፣ እግሩ እየሰነፈ የሄደው። ቺክ ዌብ ከፍ ባለ መድረክ ላይ፣ ለቁመቱ ከተስተካከለ ከበሮ ጀርባ ተቀምጦ ሳቮይን በሙሉ ያስደንስ ነበር። እ.ኤ.አ. ሜይ 11 ቀን 1937 በዘመኑ የስዊንግ ንጉሥ ይባል የነበረው ቤኒ ጉድማን ከነኦርኬስትራው ሊገጥመው መጣ። ግቢው ሞልቶ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ውጭ ቀረ። አሸናፊው ቺክ ዌብ እንደነበር የጉድማን ሰዎችም አልካዱም። በሁለት ዓመቱ፣ በሠላሳ አራት ዓመቱ ሞተ። ያችን በአሥራዎቹ ዕድሜዋ ተቀብሎ ያሳደጋትን ዘፋኝ፣ ኤላ ፊትዝጄራልድን፣ ለዓለም ትቶ።

ያ 1937 የሚባለው ዓመት ለኛም ሌላ ትርጉም አለው። በዚያው ከተማ፣ ከሦስት ወር በኋላ፣ በኦገስት፣ የኢትዮጵያ ዓለም አቀፍ ፌዴሬሽን ተመሠረተ። መሥራቹ ዶክተር መላኩ በያን ናቸው፤ በሆዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና የተማሩ፣ ከጥቁር አሜሪካዊቷ ከዶሮቲ ሃድሊ ጋር ትዳር የመሠረቱ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ንጉሡ ወደ አሜሪካ ልከዋቸው ሃርለም ላይ ጽሕፈት ቤት ከፍተው «የኢትዮጵያ ድምፅ» የሚል ጋዜጣ ያሳተሙ። ሳቮይ የሚደንሰው ሰፈርና በአደባባይ ወጥቶ «ኢትዮጵያን አትንኩ» ያለው ሰፈር አንድ ነው። ዶክተር መላኩን ሳቮይ ውስጥ ሲደንሱ ልሥልላችሁ አልፈልግም፣ ሥራ የበዛባቸው ሰው ነበሩ፤ እ.ኤ.አ. በ1940፣ አገራቸው ነፃ ሳትወጣ፣ በዚያው በኒው ዮርክ አረፉ። የሙያ አባታችን ናቸው ብዬ አምናለሁ። እኔ ግን ስድስት ዓመት ስማር ስማቸውን አንድ ቀን አልሰማሁም። መምህሮቼ ይቅር በሉኝ፣ ይኼን ሳልናገር ብሄድ ይቆጨኛል።

ሙዚቃው እኛ ጋ የደረሰው በወታደር ቤት በኩል ነው። የነሐስ መሣሪያ ቀድሞም ነበር፤ ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው አርባዎቹ የአርመን ልጆችና መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ታሪካቸው የታወቀ ነው። ከነፃነት በኋላ ግን ክቡር ዘበኛ፣ ፖሊስ ሠራዊት፣ ምድር ጦር እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ኦርኬስትራ አቋቋሙ። ሳክስፎኑ በአንድ ረድፍ፣ ትራምፔትና ትሮምቦኑ በሌላ ረድፍ፣ ልክ እንደ አሜሪካኖቹ ትልልቅ ባንዶች። የኬቮርክ የወንድም ልጅ ነርሲስ ናልባንዲያን በማዘጋጃ ቤት፣ ኋላም በ1948 ዓ.ም. በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ስንት ሰው አሠለጠኑ። ጥላሁን ገሠሠም ማሕሙድ አሕመድም በክቡር ዘበኛ ኦርኬስትራ ያለፉ ናቸው። አሥመራ ላይ ደግሞ የቃኘው ጣቢያ አሜሪካኖች ነበሩ፣ ከነራዲዮናቸው ከነሸክላቸው።

በኅዳር 1966 ዓ.ም. ዱክ ኤሊንግተን ራሱ፣ የስዊንግ ዘመን ትልቁ ሰው፣ አዲስ አበባ መጣ። ሙላቱ አስታጥቄ አጅቦት ዞረ፣ ከንጉሡም ኒሻን ተቀበለ። ከሦስት ወር በኋላ አብዮቱ ፈነዳ። በግንቦት ኤሊንግተን ኒው ዮርክ ላይ ሞተ፣ በመስከረም ንጉሡ ወረዱ። ከዚያ በኋላ የመጣውን በዕድሜ የምትበልጡን ታውቁታላችሁ፤ ሰዓት እላፊ። ሰርግ የሄደ ሰው እዚያው ያድራል፣ አለዚያ በጊዜ ይወጣል። ዳንስ የማታ ነገር ነው። ማታው ሲወሰድ ዳንሱ የት ይሄዳል?

አሜሪካም ቢሆን ስዊንግን የገደለው ጣዕም ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1944 መንግሥት የሚደነስባቸው ቤቶች ላይ 30 በመቶ ታክስ ጣለ። ባለቤቶቹ ወንበር ጨመሩ፣ ወለሉን አጠበቡ፣ ሰው ተቀምጦ ማዳመጥ ለመደ። ሳቮይ በ1958 ተዘጋ፣ ፈረሰ። ፍራንኪ ማኒንግ ፖስታ ቤት ተቀጥሮ ሠላሳ ዓመት ያህል ሠራ፤ በ1980ዎቹ ወጣቶች ፈልገው ሲያገኙት ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ ሰው ነበር። ከዚያ በኋላ ነው ዓለምን ዞሮ ያስተማረው። ስዊድን ላይ በየክረምቱ ለሊንዲ ሆፕ ብቻ የሚሰበሰቡ አሉ። እኛ ጋ ያው ሰዓት እላፊው ቆየብን። ለዚህ ነው የምረቃ ምሽቱን በባሕል ማሳበብ የተውኩት። ወላጆቻችን ይደንሱ ነበር እኮ! እኛ ነን ሳናይ ያደግነው።

ይኼን ሁሉ ከየት አመጣሽው ትሉኝ ይሆናል። ከአባቴ ነው።

አባቴ በወታደር ኦርኬስትራ ውስጥ ትሮምቦን ተጫዋች ነበር። ያደግኩት እዚሁ ጦር ኃይሎች ነው፣ ከሆስፒታሉ ብዙም ሳይርቅ። ቤታችን ውስጥ ግን ትሮምቦን አልነበረም፤ መሣሪያው የክፍሉ ንብረት ስለሆነ ጡረታ ሲወጣ አስረክቦ ነው የወጣው። ስለ ዳንስም አንድ ቀን አውርቶን አያውቅም። እናቴ ባረፈች ጊዜ ለልቅሶ የመጡ አንድ የድሮ ባልደረባው ናቸው ያወጡት፦ «አባትሽ እኮ እኛ ለእረፍት ስንቀመጥ ከመድረክ ወርዶ እናትሽን ያስደንስ ነበር፤ ከንፈሩ አብጦ እንኳ አይቀመጥም።» እኔ የማውቃት እናቴ ነጠላዋን ሳታስተካክል በር ላይ የማትቆም ሴት ናት።

ስምንት ዓመት ይሆናል፣ አባዬ ቀኝ ትከሻዬን አመመኝ አለኝ። አየሁት፤ ትከሻው ተይዟል። ስኳሩን ለካሁ፣ ደህና ነው። ማስታገሻ ሰጠሁት፣ ፊዚዮቴራፒ ላክሁት። አንድ ዓመት ተኩል እንዲሁ ተመላለስን። እያረጀ ነው አልኩ። ዝም ማለት አብዝቷል፣ እናታችንን እያሰበ ነው አልኩ። ጽሑፉ አንሷል፣ መነጽሩ ነው አልኩ።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ፣ የቀላል ባቡሩ መጨረሻ ጣቢያ ጋ፣ ታክሲዎቹ «አየር ጤና! አየር ጤና!» በሚሉበት፣ መኪናው ቆሞብኝ ሰው ሲያልፍ አያለሁ። ከጣቢያው አንድ ሽማግሌ ወጡ። ግራ እጃቸው ይወዛወዛል፣ ቀኝ እጃቸው ግን ከጎናቸው ተጣብቋል፣ አይንቀሳቀስም። በልቤ «ፓርኪንሰን» አልኩ። ወዲያው፣ ማሰብም አላስፈለገኝም። ለተማሪዎቼ በየዓመቱ የማስተምረው ምልክት ነው፤ ከመንቀጥቀጡ በፊት በአንድ ወገን የእጅ መወዛወዝ ይጠፋል፣ ትከሻ የተያዘ ይመስላል። ከዚያ ሽማግሌው ቀረቡ፣ ኮፍያቸውን አየሁት። አባቴ ነው።

ሁልጊዜ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር የምመረምረው። ሲሄድ አይቼው አላውቅም ነበር።

መድኃኒት ጀመርን፤ መድኃኒቱ ከገበያ የጠፋ ሰሞን እንደየትኛውም ቤተሰብ ዞረን ፈለግን። ሰነበተና በር ላይ ሲደርስ እግሩ መጣበቅ ጀመረ። የመታጠቢያ ቤቱ ደፍ ላይ ይቆማል፣ ወደፊትም ወደኋላም የለም። ወለሉ ላይ ባለ ቀለም ፕላስተር ለጠፍኩለት፣ መስመሩን እያየ እንዲሻገር። ትንሽ ረዳው። ከዚያ «ግራ፣ ቀኝ፣ ግራ፣ ቀኝ» እያልኩ ልቆጥርለት ጀመርኩ። ተናደደ። «እኔ የኦርኬስትራ ሰው ነኝ፣ ሰልፍ አልወድም» አለኝ።

እሺ ብዬ ስልኬ ላይ የድሮ ትልቅ ባንድ ፈልጌ ከፈትኩ። ያገኘሁት የቺክ ዌብ ነበር፣ ሰውየውን ያኔ አላውቀውም። አባዬ ነጠላ ጫማውን መሬት ላይ ይመታ ጀመር፤ ረጅም-አጭር፣ ረጅም-አጭር። «ይኼ ሰጋር ነው» አለ። ምን ማለትህ ነው ስለው፣ ምልምል ሆኖ ሲገባ አለቃቸው ስዊንግን ያስረዷቸው በበቅሎ እንደነበር ነገረኝ፦ ሰጋር በቅሎ ላይ የተቀመጠ ሰው እርምጃው እኩል አይመጣለትም፣ አንዱ ይረዝማል አንዱ ያጥራል፣ ግን አይንጠውም፤ እኩል እኩል የሚረግጥ አህያ ነው፣ ይንጣል። በኋላ ሳነበው እውነት ነው፤ በስዊንግ አንዱ ምት በሦስት ይከፈልና ሁለቱ እጅ ለመጀመሪያው፣ አንዱ እጅ ለሁለተኛው ይሰጣል። የኛ ጭክጭካም በሦስት በሦስት የሚከፈል ምት ነው። ለወታደር ቤት ልጆች ጆሮ ባዕድ ያልሆነው ለዚህ ይመስለኛል።

ያን ቀን ደፉን ተሻገረ። ከፊት ለፊቱ ቆሜ ሁለት እጁን ይዤ ልምራው ስል አልፈቀደም። ሴት አትመራም ብሎ መስሎኝ ልከራከር ነበር። «አንቺ ትቆጥሪያለሽ እንጂ አትሰሚም» ነው ያለኝ። መራኝ። እኔ ወደኋላ፣ እሱ ወደፊት፣ ከመታጠቢያ ቤት እስከ ሳሎን።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ተአምር እያወራሁ አይደለም። ዳንስ ፓርኪንሰንን አያድንም፣ መድኃኒቱንም አይተካም። ምት ያለው ድምፅ እርምጃን እንደሚያስተካክል፣ ጥንድ ዳንስ፣ በተለይ ታንጎ፣ ሚዛንን እንደሚያግዝ የሚያሳዩ ጥናቶች አሉ፤ በሙያው ያላችሁ ከኔ በላይ ታውቃላችሁ። አንዳንድ ቀን ሙዚቃው ይሠራል፣ አንዳንድ ቀን አባዬ ዘፈኑ መሀል ደርቆ ይቆማል። ባለፈው ሐምሌ ወድቆ ግንባሩን ተሰፍቷል፣ ያውም ሙዚቃው እየተጫወተ። ደግሞ ያ የጠፋው አንድ ዓመት ተኩል ተመልሶ አልመጣም።

መምህሮቻችን እዚህ ስላላችሁ አንድ ልመና አለኝ። እኛን ያስተማራችሁን ሁሉ አመሰግናለሁ፣ ግን በፈተና ጊዜ ታካሚው ሁልጊዜ አልጋ ላይ ነበር። ሆዱን ዳስሱ፣ ልቡን ስሙ፣ ሪፍሌክሱን ምቱ። ኮሪደሩ በአስታማሚ የተጨናነቀ ስለሆነ ተነሥተህ ሂድ የምንለው አልነበረም። እኔም ዛሬ ሳስተምር እንዲያው ነበርኩ። አሁን ተማሪዎቼን ታካሚውን አስነሥተው እስከ ደረጃው ድረስ እንዲሸኙት፣ ከኋላም ከፊትም እንዲያዩት አደርጋለሁ። ሰልፉ ይረዝማል፣ ነርሶቹ ይቆጡኛል። እናንተም ተቆጡን፣ ግን አስነሡት።

የዛሬዎቹን ሙዚቀኞች ስዊንግ አላችሁ ወይ ብዬ ጠይቄያቸው ሁለት እንደሚጫወቱ ነግረውኛል። ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ ያንሸራትታል፤ ተረከዝ ያለው ጫማ ያደረጋችሁ አውልቁ፣ ጉልበታችሁ እንደ ድሮው አይደለም። ቁጥሩን ነግሬያችኋለሁ። አባዬን የምትጠብቅልኝ ልጅ ሦስት ሰዓት ላይ ስለምትወጣ እኔ የመጀመሪያውን ብቻ ነው የምቆየው። እዚያ ግድግዳው ጋ ያላችሁ፣ የሚነሣ አለ?